የምጽዋ ሂሳብ በጋልቬስተን

መኪናዋ ኮርሲካናን አልፋ ወደ ደቡብ ስትበር ገና ጎህ እየቀደደ ነበር። ሕዝቅያስ መሪውን በሁለት እጁ ጨብጦ ይነዳል። ሚስቱ ሳሮን ከጎኑ ተቀምጣ አንዴ መንገዱን፣ አንዴ ጭኗ ላይ ያለውን ስልክ ታያለች። ከኋላ ወንበር ላይ አባቷ፣ የቀድሞው የባሕር ኃይል ፔቲ ኦፊሰር ግዛቸው፣ ማስካቸውን አገጫቸው ላይ አውርደው፣ ሁለት የዓሣ ማጥመጃ ዘንጎችና አንድ እጀታ ያለው መረብ በጉልበታቸው መሃል አቁመው፣ ከዳላስ ከወጡ ወዲህ ለአራተኛ ጊዜ ጠየቁ።

«ስንት ሰዓት ነው?»

«አሥራ ሁለት ከሩብ ነው አባባ።»

«ፍጥነት ጨምር እንጂ።»

«ፖሊስ ቢያስቆመኝስ?»

«ፔቲ ኦፊሰር አዞኝ ነው በለው።»

ሕዝቅያስ በመስታወቱ አያቸው። እየቀለዱ አልነበረም።

ቀኑ ግንቦት አሥራ አምስት፣ ሁለት ሺህ አሥራ ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ ቅዳሜ ነው። ያ ዓመት ሰው ሰውን የፈራበት ዓመት ነበር። የሚሳለሙት የካሮልተን ቤተ ክርስቲያን በሩ ተዘግቶ ቅዳሴው በፌስቡክ ይተላለፋል፤ እናቶች ነጠላቸውን አጣፍተው ስልክ ፊት ቆመው ይሰግዳሉ። ጎረቤት ለጎረቤት ምግብ ቢያመጣ በር ላይ አስቀምጦ፣ ደወል ደውሎ፣ ሮጦ ይሸሻል። ሕዝቅያስ በሎተሪ መጥቶ ኤርፖርት ሻንጣ ይጭን ነበር፤ አውሮፕላኑ ሲቆም እሱም ከመጋቢት ጀምሮ ቤት ቀረ። ሳሮን ግን ነርስ ናት። እሷ የምትሠራበት ክፍል ውስጥ በሳምንት ስንት ሰው እንደሚሞት ለባሏም አትነግርም።

ሦስቱ የሚኖሩት ዳላስ፣ ቪከሪ ሜዶ በሚባል ሰፈር ውስጥ በአንድ ሁለት መኝታ ቤት ባለው አፓርትመንት ነው። አንደኛው ክፍል የአባቷ ነው። በሁለተኛው ሳሮን ብቻዋን ትተኛለች፤ በሽታ ይዤ እመጣለሁ ብላ ስለምትፈራ። ሕዝቅያስ ሶፋ ላይ ነው። ሽማግሌው ሌሊት ሲነሱ የሚነሳው እሱ ነው፤ ቀን የሚያበስልላቸውም፣ የሚቆጣውም፣ የሚቆጡትም እሱ ነው። በሚያዝያ ፔቲ ኦፊሰር ምድጃውን ለኩሰው ረስተው ወጡ። በሳምንቱ ፓርክ ሌን ባቡር ጣቢያ በነጠላ ጫማ ቆመው ተገኙ። «እግሬን ላፍታታ ነው» አሉ። ማንም አላመናቸውም።

ስለዚህ ሳሮን ዋይሊ ከተማ ባለ አንድ የአረጋውያን መኖሪያ ስማቸውን አስመዘገበች። ሐሙስ ዕለት አልጋ ተገኘ ብለው ደወሉ። ወረቀቱ በስልኳ ተልኳል፤ ቅዳሜ እስከ አምስት ሰዓት፣ በእኛ አቆጣጠር እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ካልፈረመች አልጋው ለሌላ ሰው ነው። ደንቡ ደግሞ እንደዚያ ዘመን ደንብ ሁሉ ነው፤ የገባ ሰው ጠያቂ አያገኝም፣ ቤተሰብ በመስኮት ነው የሚያየው። እስከ መቼ እንደሆነ የሚያውቅ የለም።

አባትየው ይህን ሲሰሙ አልጮኹም፣ አላለቀሱም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ።

«ባሕር ውሰዱኝ። ውሃው መቼ እንደሚዞር፣ ዓሣው መቼ እንደሚበላ በራሴ ሂሳብ ልንገራችሁ። ከተሳሳትኩ ራሴ በእግሬ ገብቼ አልጋው ላይ እተኛለሁ። ካልተሳሳትኩ ግን ይህን ወረቀት ሁለተኛ እንዳታነሺብኝ።»

ሳሮን እሺ ያለችው አባቷን ስለምታውቅ ነው። ሰውየው ሃያ ስምንት ዓመት በኢትዮጵያ ባሕር ኃይል አገልግለው፣ በሰማንያ ሦስት ዓመተ ምሕረት በመርከብ የመን የተሻገሩ ናቸው። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ «መቶ አለቃ» ብሎ የሚጠራቸው ሰው ካለ ሰላምታውን አይመልሱም። «መቶ አለቃ እግረኛ ጦር ነው፤ እኔ ፔቲ ኦፊሰር ነኝ» ይላሉ። ምድጃ ሊረሱ ይችላሉ፤ ውሃ ግን አይረሱም። ሳሮን ይህን ታምን ነበር፤ ማመን ትፈልግም ነበር።

ሀንትስቪል ላይ ቤንዚን ሲቀዱ ሽማግሌው የጨረቃዋን ዕድሜ በባሕረ ሐሳብ መቁጠር ጀመሩ።

«የዘንድሮ አበቅቴ ስድስት። የግንቦት ሕጸጽ አምስት። ቀኑ አሥራ አምስት። ስንት መጣ ሕዝቅያስ?»

«ሃያ ስድስት።»

«የአባቶች ሂሳብ በዘመን ብዛት ከጨረቃዋ አራት ቀን ያህል ወደ ኋላ ቀርቷል። እኔ ምጽዋ ላይ ሌሊት ሌሊት እያየሁ ነው ያረምኩት። አራት ጨምርበት።»

«ሠላሳ።»

«ጨረቃ የለችም ማለት ነው። ጨረቃ ስትጠፋና ስትሞላ ውሃው በኃይል ይወጣል፣ በኃይል ይገባል። ዓሣ የሚበላው ደግሞ ውሃ ሲንቀሳቀስ ነው። ውሃው ቀጥ ካለ ዓሣም አፉን ይዘጋል።»

ሳሮን ስልኳን ነካካች። ከዚያ ፊቷ ፈካ አለ።

«ኒው ሙን ትናንት ነበር። አባዬ፣ ትክክል ነህ!»

«ስልኩን ምን አስጠየቀሽ?» አሉ ተቆጥተው። ደስ ብሏቸው እንደነበር ግን ጆሯቸው ሳይቀር ይናገር ነበር።

ሕዝቅያስ ቤንዚኑን እየቀዳ ሁሉንም ሰማ። ደስ አላለውም። ደስ አለማለቱ ደግሞ አሳፈረው።

ጋልቬስተን ደሴት ሲደርሱ አራት ሰዓት ሆኖ ነበር። የበዓል ቅዳሜ ስለሆነ ሁለት ወር ቤት የተቆለፈበት አገር ሁሉ ባሕሩ ዳር ወጥቷል። ፔቲ ኦፊሰር ግን ወደ ሞገዱ በኩል አልተመለከቱም። ሕዝቅያስን ደሴቱን አሻግረው ወደ ጀርባው አስነዱት፤ ረጋ ያለ ወሽመጥ፣ ረግረግ ሣር፣ ከረግረጉ የሚወጣ ጠባብ ቦይ ያለበት ቦታ። ከቦዩ አፍ ራቅ ብሎ ካለ አሸዋ ላይ አሰፈሯቸው። ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ጠቅልለው ገቡና በውሃው ዳር ያሉትን ድንጋዮች በመዳፋቸው ዳሰሱ። ከውሃው በላይ እርጥብ መስመር አለ።

«እየሸሸ ነው» አሉ። «ይህን ያህል ለመውረድ አራት ሰዓት ፈጅቶበታል። ጠዋት አሥራ ሁለት ላይ ሞልቶ ነበር ማለት ነው። ውሃ ስድስት ሰዓት ይሸሻል፣ ስድስት ሰዓት ይመለሳል። እኩለ ቀን ላይ ይዞራል።»

ከጎርፍ የተረፈ እንጨት አንስተው በቢላዋ በየጣቱ ልክ ጥርስ አወጡለትና ውሃው ጠርዝ ላይ ተከሉት።

«እስከዚያ አንድ ሁለቴ ልወርውር አባባ?» አለ ሕዝቅያስ።

«ተቀመጥ! የዳህላክ አጥማጆች በሚሸሽ ውሃ መረብ አይጥሉም። ዓሣው ወደ ዳር የሚመጣው ውሃው ሲገባ ነው።»

ተቀመጡ። ፀሐይዋ ከረረች። ሳሮን በጥላ ሥር ሆና ስልኳን ገልብጣ አሸዋው ላይ አስቀመጠች፤ ደቂቃ ሳይቆይ መልሳ አነሳችው። ሽማግሌው እንጨቱ አጠገብ ቆመው አልቀመጥም አሉ። እኩለ ቀን ሆነ። ውሃው ከእንጨቱ ጥርሶች አንዱን ለቆ ወረደ። «ትንሽ ያመነታል» አሉ። ሰባት ሰዓት ሆነ። ሌላ ጥርስ ወጣ። እንጨቱን ነቅለው አዩት፣ መልሰው ተከሉት፣ ወደ ሰማይ አዩ፣ በጣታቸው ቆጠሩ፣ እንደገና ቆጠሩ።

«አባዬ፣ ና ትንሽ ጥላ ሥር ሁን። ውሃ ጠጣ፣ ኦኬ?»

«ዝም በይ፤ ሂሳቡን አታጥፊብኝ!»

እንዲህ ጮኸውባት አያውቁም። ሳሮን ፊቷን አዞረች።

ሕዝቅያስ የዓሣ ሳጥኑ በረዶ ቀልጧል ብሎ መኪናውን አስነስቶ ሄደ። እውነቱን ለመናገር ከዚያ ቦታ መሸሹ ነበር። በመንገዱ ዳር ለማጥመጃ የሚሆን ሽሪምፕና በረዶ የምትሸጥ አንዲት ሸምገል ያለች ፈረንጅ አገኘ። ሴትየዋ በመስኮት በረጅም አካፋ በረዶውን አቀበለችውና ምን እንደያዘ ጠየቀችው።

«ምንም። ውሃው እስኪመለስ እየጠበቅን ነው።»

ሴትየዋ ሳቀች። «እንግዲያስ እራታችሁን ይዛችሁ ጠብቁ» አለች፤ በጀርባዋ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን፣ የውሃው መሙያና መጉደያ ሰዓት የተሳለበትን ወረቀት በአካፋው ጫፍ አሳየችው። ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ጉብታ ተስሏል። ለዛሬ አንድ መውጫ፣ አንድ መውረጃ፤ ሁለት የለም። «በዚህ ሰሞን እዚህ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ በቀን አንዴ ነው የሚሞላው፣ አንዴ ነው የሚጎድለው። ጠዋት ሞላ፤ እስከ ምሽት ይወርዳል። ሌላ ባሕር ላይ የለመደ ሰው ሁሌ ይሳሳታል።»

ሕዝቅያስ በረዶውን አቅፎ ቆመ። ገባው። ሰውየው አእምሯቸው አልሳተም። ጨረቃዋን አልሳቱም፣ ሂሳቡን አልሳቱም። የሳቱት ባሕሩን ነው። ምጽዋ በቀን ሁለቴ የሚሞላ ውሃ ላይ ሃያ ስምንት ዓመት የኖረ ሰው፣ ውሃ ሁሉ እንደዚያ ይመስለዋል።

ስምንት ሰዓት ነበር። ሮጦ መንገር ነበረበት።

መኪናው ውስጥ ገብቶ በሩን ዘጋ። ሞተሩን ግን አላስነሳም። አልጋ አሰበ። የራሱን፣ ከሚስቱ ጋር የሚተኛበትን አልጋ። ሌሊት በዘጠኝ ሰዓት በር ሲከፈት የማይሰማበት ቤት። ሁለት ወር ሙሉ ከአንድ ቆጭቋጫ ሽማግሌ ጋር ታስሮ «የኤርፖርቱ ኩሊ» እየተባለ የኖረበትን ኑሮ አሰበ። ማንንም አልዋሸም፤ ማንም አልጠየቀውም። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ እሱም ዝም አለ። በረዶውን ይዞ ተመለሰ፣ ሳጥኑ ላይ ገለበጠው፣ ተቀመጠ።

የቀጣዮቹን ሁለት ሰዓታት ያህል ረጅም ሰዓት በሕይወቱ አላየም። ተቀመጠ፣ ተነሳ፣ አሸዋውን በእግሩ ቆፈረ፣ ያልተበተበውን ክር ፈታ። ሳሮን «ምን ሆነሃል?» ብትለው «ፀሐዩ ነው» አላት። ሽማግሌው አሁን ወዲያና ወዲህ ይላሉ፤ አምስት እርምጃ ሄደው ይዞራሉ፣ አምስት እርምጃ። እንጨቱ ከእነጥርሱ በደረቅ መሬት ላይ ቆሟል። ውሃው ከእሱ ርቆ ሄዷል።

አሥር ሰዓት ሊሆን ሲል ፔቲ ኦፊሰር መመላለሱን አቆሙ። መጥተው ልጃቸው ፊት ቆሙ።

«ሳሮን። ፈርሚ።»

«አባዬ፣ ትንሽ እንጠብቅ፤ ገና ሰዓት አለ...»

«ስድስት ሰዓት ላይ ይዞራል አልኩ። አሁን አሥር ሊሆን ነው። ውሃው አይሳሳትም፤ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ምድጃውን ስረሳ እርጅና ነው አልኩ። ጣቢያው ላይ ስታገኙኝ እግሬን ላፍታታ ነው አልኳችሁ፤ ዋሸሁ ልጄ። የት እንደምሄድ ጠፍቶኝ ነው የቆምኩት። ግን ለራሴ፣ ባሕሩን እስካልረሳሁ ድረስ ሰው ነኝ እል ነበር። እሱም ጠፋኝ። በቃ። ቃሌ ቃል ነው፤ ፈርሚና አስገቢኝ። ሌላ ቀን ደግሞ አንቺን ረስቼሽ ከማይ ይሻላል።»

ሳሮን እንባዋ ማስኳ ውስጥ ይወርድ ጀመር። ስልኩን አነሳች። ወረቀቱ ተከፈተ። ጣቷን ከመስታወቱ በላይ አድርጋ ቆየች፤ ሕዝቅያስም ያንን ጣት ያይ ነበር። የፈለገው ነገር በአንድ ጣት ርቀት ላይ ነው። ምንም አያደርግም፤ ዝም ብሎ ቢቀመጥ ይበቃል።

ሽማግሌውን ቀና ብሎ አየ። ማስካቸውን በሥርዓት አፍና አፍንጫቸው ላይ እያደረጉ ነበር፤ አሁኑኑ እንደሚወስዷቸው ሁሉ። ይህን መቻል አቃተው።

«አትፈርሚ!»

ሁለቱም ዞሩ።

«አባባ፣ አልተሳሳቱም። ማለቴ፣ ተሳስተዋል፤ ግን አእምሮዎ አይደለም። እዚህ ባሕር ላይ ውሃው በቀን አንዴ ነው የሚሞላው። ጠዋት ሞልቶ እስከ ማታ ይወርዳል። እንደ ምጽዋ ሁለቴ አይደለም። በረዶ የምትሸጠው ሴትዮ ወረቀቱን አሳየችኝ።»

ፔቲ ኦፊሰር አፋቸው ተከፈተ። «አንዴ?»

«አንዴ ብቻ።»

ሳሮን ግን ሌላ ነገር ሰምታ ነበር። ድምፅዋ ቀዘቀዘ።

«በረዶውን ያመጣኸው መቼ ነው?»

መልሱን ታውቀው ነበር። እሱም እንደምታውቅ ገባው።

«ስምንት ሰዓት ላይ።»

«ሁለት ሰዓት ሙሉ። አባቴ እንደዚያ ሲሆን ተቀምጠህ አየኸው።»

«አዎ።»

«ለምን?»

«ደክሞኝ ነበር» አለ ሕዝቅያስ። እውነቱን ነበር። «አልጋዬን ፈልጌ ነው።»

የሚሰድቡት መስሎት ወደ ሽማግሌው ዞረ። እሳቸው ግን እዚያ አልነበሩም። ሁለቱንም ዘንጎች ይዘው፣ ለመንጠቆው ያመጡትን ሽሪምፕ በብብታቸው ሸጉጠው ወደ ረግረጉ ቦይ አፍ እየሮጡ ነው፤ የሰባ ስድስት ዓመት ሰው ሩጫ ሩጫ ከተባለ።

«ቀኑን ሙሉ አሳጥተኸኛል አንተ ኩሊ!» ብለው ጮኹ። «ውሃው እስከ ማታ የሚወጣ ከሆነ በሣሩ ውስጥ ያለው ሽሪምፕ ሁሉ በዚህች በር ነው የሚወጣው! ዓሣው የት የሚሄድ ይመስልሃል? በሩ ላይ አፉን ከፍቶ ነው የሚጠብቀው! አምጣ ሳጥኑን!»

ቦዩ ጠባብ ነው። ቡናማው ውሃ እየተሽከረከረ ወጥቶ ከወሽመጡ አረንጓዴ ውሃ ጋር ይጋጠማል፤ የሁለቱ ድንበር በግልጽ ይታያል። ፔቲ ኦፊሰር እስከ ወገባቸው ገብተው ቆሙ። መንጠቆውን ከውሃው ቁልቁል አልጣሉትም፤ ወደ ላይ፣ ወደ ቦዩ ውስጥ ወረወሩትና ውሃው ራሱ እንዲያመጣው ለቀቁት። እዚያ ድንበር ላይ ሲደርስ ክሩ ቆመ። ከዚያ ዘንጉ ጎበጠ።

«ያዘ!» ብላ ጮኸች ሳሮን፤ ሳታስበው።

በዚያው ቅጽበት ስልኩ ጠራ። ከዋይሊ ነው። ሳሮን ስልኩን አየች፤ አባቷን አየች፤ ከዚያ ስልኩን ለባሏ ዘረጋችለት።

«እኔ ሆስፒታል ነው የምውለው። ቤት የምትሆነው አንተ ነህ፤ ሌሊት የምትነሳውም አንተ። ዓሣ ስለያዘ ምድጃውን አይረሳም ማለት አይደለም፤ ጣቢያውም ደግሞ እውነት ነው፤ ራሱ ነገረን። ሶ፣ አንተ ንገራቸው። የፈለግከውን። እኔ አልቆጣህም።»

ስልኩ ለሦስተኛ ጊዜ ጠራ። ሕዝቅያስ ስልኳን ተቀበላት። በቦዩ ውስጥ ሽማግሌው ከዓሣው ጋር እየታገሉ፣ እየተሳደቡ፣ አንድ እርምጃ ወደ ፊት፣ አንድ ወደ ኋላ ይላሉ። ገና ስንት ሌሊት እንዲህ እንደሚሰደብ አሰበ። ሶፋውንም አሰበ።

«ሄሎ» አለች ሴትዮዋ በስልኩ ውስጥ። «ሚስተር ግዛቸውን ሰኞ እንጠብቃቸው?»

«ኖ ማም» አለ ሕዝቅያስ። «አይመጡም። እኛ ጋ ነው የሚኖሩት። አልጋውን ለሌላ ሰው ስጡ።»

ሳሮን እጁን ያዘችው፤ ከዚያ ገና ይቅር እንዳላለችው አስታወሰችና ለቀቀችው። ቆይታ ግን እንደገና ያዘችው።

ፔቲ ኦፊሰር ሁሉንም ሰምተዋል። ዞር ብለው አላዩም። ዘንጉን ወደ ሰማይ ወጥረው በአዛዥ ድምፅ ጠሩት።

«ምን ትጎለታለህ! መረቡን ይዘህ ግባ!»

ሕዝቅያስ ከእነጫማው ውሃው ውስጥ ገባ።